የሁለት መንግሥታት ሽኩቻና የእኛ የኪታብ መደርደሪያ



ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነኝ አንድ የሰፈራችን ወጣት ነው። ልጁ መድረሳ የቀራ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ዐረብኛውም የማያሳፍረው ነው። ውጭ ሄዶ ዲን ለመማር ሁለት አገር አመልክቶ ኖሮ «ጋሼ፣ ሁለቱም ቢቀበሉኝ የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ስለሚቀሩት ኪታቦችና ስለ ኡስታዞቹ ጠየቅሁት፤ በደንብ አድርጎ መለሰልኝ። ቀጥዬ «ለመሆኑ የአውሮፕላን ቲኬትህን፣ ምግብህንና ማደሪያህን የሚከፍለው ማን ነው? ለምንስ ይከፍልልሃል?» ስለው ግን ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ለአላህ ብለው ነዋ!» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ሙስሊም ሞልቷል፤ ኒያን የሚያውቀውም አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን መንግሥት በጀት መድቦ፣ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሲሰጥ ሒሳብም ይዟል። ለልጁ የነገርኩት ታሪክ ረዘም ያለ ነበር፤ ለዚህ ዓምድ አንባብያንም ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቅርቤዋለሁ። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መንግሥት ከመንግሥት ጋር በአምባሳደር በኩል ሲነጋገር ዲፕሎማሲ ይባላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላም መንገድ አለ። አንዱ መንግሥት የሌላውን አገር መሪ አልፎ በቀጥታ ሕዝቡን ያናግራል፤ በሬዲዮ፣ በመጽሐፍ፣ በነፃ ትምህርት፣ በሆስፒታል፣ በመስጂድ ግንባታ፣ በኳስ ጨዋታ ጭምር። የሙያው ሰዎች ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ይሉታል። ሕዝቡ ከወደደን መሪው ሳይወድ በግድ ያዳምጠናል ነው ነገሩ። ተፎካካሪ ሲኖር ደግሞ ስጦታው ይበዛል፤ ተቀባዩ ከሌላው እጅ እንዳይወስድ ይፈለጋልና። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ናቸው። እኔ ግን ወደ ቤታችን የቀረበውን መርጫለሁ፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በግብፅና በሳዑዲ ዐረቢያ መካከል የነበረውን ፉክክር።

በጁላይ 1952 ንጉሥ ፋሩቅን ያስወገዱት የግብፅ መኮንኖች ሥልጣን ከያዙ ገና በዓመታቸው፣ በጁላይ 1953፣ «ሰውቱል ዐረብ» (የዐረቦች ድምፅ) የተባለውን የሬዲዮ ፕሮግራም ከካይሮ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። እየቆየ ራሱን የቻለ ጣቢያ ሆነ፤ ከሞሮኮ እስከ የመን ተሰማ። በዚያው አስር ዓመት ውስጥ ትንሿ የባትሪ ሬዲዮ በየገበያው መሸጥ ጀመረች። እረኛውና ባለ ሱቁ፣ ማንበብ የማይችለውም ጭምር፣ የካይሮን ወሬ በጆሮው ሰማ። ገማል ዐብዱናስር «የአብዮቱ ፍልስፍና» በተሰኘው መጽሐፋቸው ግብፅ በሦስት ክበቦች ውስጥ እንዳለች ጽፈዋል፤ በዐረቡ፣ በአፍሪካውና በሙስሊሙ ዓለም። ሬዲዮው ሦስቱንም ክበቦች ለመድረስ የተዘረጋ እጅ ነበር። በስዋሂሊ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛም ጭምር ተሰራጭቷል። በ1956 ወልደአብ ወልደማርያም ከካይሮ በትግርኛ ለአጭር ጊዜ ተናግረዋል። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ይከታተል እንደነበር ለማንም የተሰወረ አይደለም።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በቆዳ የተለበጠች የባትሪ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ከኢሻ በኋላ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ዐረብኛ የሚያውቁ አንድ ሸህ በመደቡ ላይ ተቀምጠው ይተረጉማሉ። እኔ ልጅ ሆኜ በር ሥር እቀመጥ ነበር። ሰዎቹ የሚመጡት ለቁርኣኑ ነበር፤ ወሬው የሚመጣው ከቁርኣኑ በኋላ ነው። በ1961 ሸህ ማሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል አቀራር በድምፅ ቀርፀዋል። ከ1964 ጀምሮም ካይሮ ለቁርኣን ብቻ የሚሆን ጣቢያ ከፍታለች። ይህ ትልቅ ኸይር ነው፤ ዛሬም ድረስ የእኛ ልጆች ሒፍዛቸውን በሑሰሪ ድምፅ ያስተካክላሉ። ይሁንና ጆሮው በአላህ ቃል ለስልሶ የተቀመጠ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን የፖለቲካ ንግግርም በዚያው ልብ ይሰማዋል። የተርጓሚው ሸህ ድምፅ በወሬው ሰዓትም እንደ ቁርኣኑ ሰዓት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። በወር አንድ ሐሙስ ማታ ይቀርብ የነበረው የኡሙ ኩልሱም ዘፈንም እንዲሁ ሰው መሰብሰቢያ ነበር ይባላል። ያኔ ግን አባቴ ሬዲዮዋን ይዘጓታል።

ኃይሉ ምን ያህል እንደነበር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1955 መጨረሻ እንግሊዝ ዮርዳኖስን ወደ ባግዳድ ቃል ኪዳን ልታስገባ ስትሞክር ሰውቱል ዐረብ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፤ በአማን ጎዳናዎች ሰልፍና ሁከት ሆነ፤ ንጉሥ ሑሴን ሐሳቡን ተዉት። በማርች 1956 ደግሞ ጦራቸውን ሲመራ የኖረውን እንግሊዛዊ ጄኔራል ግላብን አባረሩ። ወሬ ብቻውን ይህን ሁሉ አላደረገም፤ ቅሬታው ቀድሞም ነበር። ያለ ወሬው ግን ቅሬታው በየቤቱ ተቀምጦ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት በስዊዝ ጦርነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች አቡ ዘዕበል ያለውን የካይሮ ሬዲዮ ማሰራጫ ደበደቡት። በዚህን ጊዜ የደማስቆ ሬዲዮ «ካይሮ ከደማስቆ ትናገራለች» እያለ አየሩን ሞላው። በአንጻሩ እንግሊዞች ቆጵሮስ ላይ «ሸርቁል አድና» የሚባል በዐረብኛ የሚናገርና አድማጭ ያፈራ ጣቢያ ነበራቸው። ጦርነቱ ሲጀመር መንግሥታቸው በግልጽ ወስዶ «የብሪታንያ ድምፅ» አለው፤ ዐረብ ሠራተኞቹ ጥለውት ወጡ። ለዓመታት የተገነባው ታማኝነት በአንድ ሳምንት ፈረሰ።

አሁን ወደ ተፎካካሪው ልለፍ። ሳዑዲ ዐረቢያ በሬዲዮ ንግግር ካይሮን አትችላትም ነበር። ካይሮ የሌላት ነገር ግን ነበራት፤ መካና መዲና። በ1961 በመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። አብዛኛው መቀመጫው የተመደበው ለራሷ ልጆች ሳይሆን ለውጭ አገር ተማሪ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ወጪውን ሁሉ መንግሥት ይሸፍናል። በሜይ 1962 ደግሞ ከሐጁ ጋር ተያይዞ በመካ በተደረገ ስብሰባ «ራቢጠቱል ዓለሚል ኢስላሚ» (የሙስሊሙ ዓለም ሊግ) ተመሠረተ። ካይሮም በፊናዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1959 ለአዝሀር የውጭ ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን መንደር ከፍታለች፤ በ1960 የኢስላም ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤትን አቋቁማለች፤ በ1961 ዓ.ል ባወጣችው ሕግ አዝሀርን ከመንግሥት ጋር ይበልጥ አስራ የሕክምናና የምህንድስና ፋኩልቲ ጨምራበታለች። ስለዚህ ከአፍሪካና ከእስያ ለሚመጣ አንድ ምስኪን ደረሳ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት በሮች ወለል ብለው ተከፈቱለት። አባቶቹ በእግራቸውና በግመል ተጉዘው፣ ለምነው ያገኙት የነበረውን ዒልም እሱ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ኪስ ገንዘብ ተሰጥቶት ሊማረው ነው። በሮቹ አንድ ሰሞን መከፈታቸው በአጋጣሚ ይመስላችኋል?

በሴፕቴምበር 1962 የመን ውስጥ ኢማሙ ተገለበጡ። ግብፅ ለሪፐብሊኩ ጦሯን ላከች፤ እየቆየ ቁጥሩ ብዙ አስር ሺዎች ደረሰ። ሳዑዲ ዐረቢያ ለንጉሣውያኑ ገንዘብና መሣሪያ ሰጠች። በተራራው ላይ ሙስሊም ሙስሊምን ሲገድል በአየር ላይ የቃል ጦርነቱ ጋለ። ካይሮ የሳዑዲን ነገሥታት አድኃሪያንና የምዕራባውያን አገልጋይ አለቻቸው፤ ከመካም የሶሻሊዝምና የብሔርተኝነት ሰባኪዎች ከዲን የወጡ ናቸው የሚል መልስ መጣ። በሁለቱም ወገን ኡለማዎች ብዕር አነሱ። በአንዱ ከተማ ሶሻሊዝም ከኢስላም ጋር እንደሚስማማ ኪታብ ይጻፋል፤ በሌላው ከተማ ኩፍር መሆኑ ይጻፋል። እነዚህ ኪታቦች ታትመው፣ በነፃ ተሰጥተው፣ በመርከብ ተጭነው እኛም ዘንድ ደረሱ። እኛም ጦርነቱን ሳናውቅ ኪታቦቹን አነበብን።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፉክክር ኸይርም ይወጣል። ፈይሰል በኖቬምበር 1962 ያወጁት ባለ አስር ነጥብ የማሻሻያ ፕሮግራም ባርነትን የሚያስቀር ነበር። ካይሮ በየማታው ባትነዘንዝ፣ የአሜሪካም ግፊት ባይኖር አዋጁ ያን ጊዜ ይወጣ ነበር ብዬ አላምንም።

ዲን የሚመስል ነገር ከመንግሥታት ጠብ ጋር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሌላም ምሳሌ አለ። የአዝሀሩ ሸህ ማሕሙድ ሸልቱት በ1959 የጀዕፈሪ መዝሀብን አስመልክቶ የታወቀውን ፈትዋ ሰጡ፤ በካይሮ ሱኒና ሺዓን ለማቀራረብ የሚሠራ ማኅበርም ከ1947 ጀምሮ ነበር። በ1960 የኢራኑ ሻህ ለእስራኤል የሰጡትን እውቅና ምክንያት አድርገው ናስር ከቴህራን ጋር ግንኙነት አቋረጡ። የመቀራረቡም ሥራ ቀዘቀዘ። በፊቅሁ ውስጥ የተለወጠ ማስረጃ አልነበረም፤ የተለወጠው የኤምባሲው በር ነው።

ከዚያ 1967 መጣ። ጁን 5 ጠዋት የግብፅ አየር ኃይል መሬት ላይ እንዳለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደመ። ሰውቱል ዐረብ ግን በዋናው አንባቢው በአሕመድ ሰዒድ አንደበት የጠላት አውሮፕላን በብዛት መውደቁን፣ ድሉ መቅረቡን ያውጅ ነበር። በእኛም ቤት ሸሁ እየተረጎሙ፣ ሰዉ ተክቢራ እያለ አመሸ። ከቀናት በኋላ ናስር በሬዲዮ ሽንፈቱን ተናግረው ሥልጣን እለቃለሁ ሲሉ ሸሁ መተርጎም አልቻሉም። ዝም ብለው ኩታቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ወደ እኛም ቤት ለወሬ ዳግመኛ አልመጡም። አሕመድ ሰዒድ በዚያው ዓመት ከሬዲዮው ተሰናበተ። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር ስለ ማጣራት የታዘዝነውን ያህል የሚበቃ ትምህርት ነበረን። ነገር ግን ቁርኣኑን የሰማንበት ሬዲዮ ይዋሻል ብሎ ማን ይጠርጥር?

አንባቢ አሁን የምለውን በተለይ እንዲያስተውልልኝ እሻለሁ። በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ የዐረብ መሪዎች ካርቱም ተሰበሰቡ። ናስርና ፈይሰል ታረቁ። ሳዑዲ ዐረቢያ 50 ሚሊዮን፣ ኩዌት 55 ሚሊዮን፣ ሊቢያ 30 ሚሊዮን ፓውንድ በየዓመቱ ሊሰጡ ተስማሙ፤ ከዚህ ውስጥ 95 ሚሊዮኑ ለግብፅ፣ የቀረው ለዮርዳኖስ ነበር። የግብፅ ጦር ከየመን ወጣ። ትናንት በሬዲዮ «አድኃሪ» እና «ከሐዲ» ሲባባሉ የነበሩት ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። እርቁ መልካም ነው፤ ሱልሕን ማን ይጠላል? ነገር ግን ያ ሁሉ የኩፍር ክስ ለአምስት ዓመት በአየር ላይ ሲዘራ ከርሞ በአንድ ስብሰባ ሲታጠፍ፣ ክሱን በዲን ስም ተቀብሎ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላው ሰው ታረቅ የሚል ደብዳቤ አልደረሰውም። ለእሱ ጠቡ ቀጠለ። ኪታቡ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ካርቱም ውስጥ ምን እንደተፈረመ ኪታቡ አይናገርም።

የእንግዶቹን ዕጣ ደግሞ ተመልከቱ። ናስር የኢኽዋን ሰዎችን ሲያስሩና ሲሰቅሉ (ሰይድ ቁጥብ በኦገስት 1966 ነው የተሰቀሉት) ብዙዎቹ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሰደዱ። በክብር ተቀበሏቸው፤ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በናስር ላይ የሚናገር ሰው ይፈለግ ነበርና። በ1994 ሸህ ዩሱፍ አልቀረዳዊ የንጉሥ ፈይሰልን ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ነበሩ። በማርች 2014 ሳዑዲ ዐረቢያ ኢኽዋንን አሸባሪ ስትል ፈረጀች፤ በጁን 2017 ከግብፅ፣ ከኤሚሬትስና ከባህሬን ጋር ሆና ባወጣችው ዝርዝር ላይ የቀረዳዊ ስም አለ። እኔ ስለ ኢኽዋን ትክክለኛነት ወይም ስህተት እዚህ አልፈርድም። ሰውየው በ1994 የነበራቸው ዒልም በ2017 ተሰረቀባቸው ወይ? ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ።

ከ1979 በኋላ ካይሮ ከእስራኤል ጋር ሰላም ተፈራርማ ከዐረብ ሊግና ከኢስላም ጉባኤ ድርጅት ስትታገድ የፉክክሩ ተራ ለቴህራን ደረሰ። ይህን በአጭሩ ላልፈው፤ መንገዱ ያው ነውና፤ መጽሔት፣ ነፃ ትምህርት፣ ሬዲዮ፣ በኋላም ሳተላይት ቴሌቪዥን። በ1984 በመዲና የንጉሥ ፈህድ የቁርኣን ማተሚያ ተከፈተ፤ በ1986 ንጉሡ «የሁለቱ ቅዱሳት መስጂዶች አገልጋይ» የሚለውን መጠሪያ ያዙ። በጁላይ 1987 በመካ በኢራናውያን ሑጃጆችና በፀጥታ ኃይሎች ግጭት ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በተከታዩ ዓመት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ሺህ ሐጃጅ የሚለው ኮታ ጸደቀ። ዛሬ ለሐጅ ተራ የሚጠብቁ እናቶቻችን የሚቆጠሩበት ቀመር ከዚያ ሰሞን የመጣ ነው። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በ1988 ተቋረጠ፣ በ1991 ተቀጠለ፣ በ2016 ተቋረጠ፣ በማርች 2023 ቤጂንግ ላይ እንደገና ተቀጠለ። ያስታረቀችው ቻይና ናት!

በማርች 2018 የሳዑዲው አልጋ ወራሽ ሙሐመድ ቢን ሰልማን ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ሲናገሩ፣ አገራቸው በውጭ ለመስጂድና ለመድረሳ ገንዘብ ያፈሰሰችው በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ወዳጆቿ ሶቪየቶችን ለመከላከል ስለ ጠየቋት መሆኑን ገልጸዋል። ይህን ሳነብ ሬዲዮዋን ነው ያስታወስኩት። አባባላቸው ሙሉ እውነት ነው አልልም፤ እሳቸውም ያን ሲሉ የሚያናግሩት ሌላ ሕዝብ ነበር፣ እሱም ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ነው። በ1962 ከሐጅ ስብሰባ የተወለደው ራቢጣም ዛሬ መልኩ ሌላ ነው፤ በጃንዋሪ 2020 ዋና ጸሐፊው ሙሐመድ አልዒሳ ናዚዎች አይሁዶችን የጨረሱበትን አውሽቪትስ ጎብኝተዋል። ሰውየው መሄዳቸው ያስወቅሳል አላልኩም። ድርጅቱ የመንግሥቱን ጉዞ ተከትሎ እንደሚጓዝ ለማሳየት ነው።

በእኛ ሰፈርም የሆነ ነገር አለ። ስማቸውን የማልጠራቸው ሁለት ወንድሞች ከሁለት የተለያዩ የዐረብ ከተሞች ተምረው ተመለሱ። ሁለቱም ሐፊዝ፣ ሁለቱም ትሑት ነበሩ። በአንድ መስጂድ ውስጥ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጀመዓው ለሁለት ተከፈለ፤ መውሊድ ይከበር አይከበር ሲባል ተጀምሮ፣ አንዱ በሌላው ኋላ አልሰግድም እስከማለት ተደረሰ። ኺላፉ የቆየ ነው፤ ከመንግሥታቱም ሁሉ በፊት ኡለማዎች ተከራክረውበታል። ነገር ግን የወሎና የሐረር መሻይኾች ሲከራከሩበት በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። የእኛዎቹ ወንድሞች አንዱ ሌላውን «የእነ እገሌ መንግሥት ቅጥረኛ» ብሎ እስኪሰድበው ድረስ የደረሱት ከኪታቡ ጋር የመጣውን የጠብ ቃል ጭምር ስለ ተማሩት ነው። እኔም ከአንደኛው ወገን ቆሜ ስጮህ ነበርና ራሴን ነፃ አላወጣም። ከጎረቤቴ ከሐጂ ጋር ለአራት ዓመት ሰላምታ አቋርጠን ነበር፤ ልጃቸው ሲሞት ነው ለጀናዛ ስሄድ የታረቅነው።

ለልጁ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ «ታዲያ አልሂድ?» አለኝ። ሂድ እንጂ! አልኩት። አዝሀርም መዲናም ያሉት ኡስታዞች ዒልማቸው እውነተኛ ነው፤ የተሰጠህን ዳቦ ብላ፣ ያስተማረህን ዱዓ አድርግለት። ነገር ግን ሦስት ጥያቄ በልብህ ይዘህ ሂድ አልኩት፤ ይህ መስአላ ጠቡ ከመጀመሩ በፊት እንዴት ነበር የሚቀራው? የምትሰማው ውግዘት በየትኛው ዓመት ተጻፈ፣ በዚያስ ዓመት መንግሥቱ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? ሁለቱ መሪዎች ነገ ቢታረቁ ኡስታዝህ ይህንኑ ይደግመዋል?

ከዚያ ከመደርደሪያዬ ሁለት የአማርኛ ቁርኣን አውርጄ አሳየሁት። አንዱ በ1961 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አዲስ አበባ የታተመው ነው። ያኔ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከካይሮ ሬዲዮ ጋር ሲፎካከሩ ለሙስሊሙ ሕዝባቸውም ሆነ ለዐረቡ ዓለም የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛው መዲና በንጉሥ ፈህድ ማተሚያ የታተመው ነው። ልጁ ሁለቱንም ገለጥ ገለጥ አድርጎ አንድ አንቀጽ ከአንድ አንቀጽ አስተያየና «ጋሼ፣ ትርጉሙ እኮ አንድ ነው» አለኝ። አዎን፣ አንድ ነው። የተረጎሙት እነዚያው ሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሸህ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው።

ልጁ ባለፈው ወር ከሁለቱ በአንዱ ተቀባይነት አግኝቶ ሄዷል። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። የአዲስ አበባውን ቅጂ ስለ ለመነኝ ሰጥቼዋለሁ፤ ሽፋኑ የለቀቀ ስለ ነበር እናቱ በጨርቅ ሰፍታለታለች።